የሻዶዊንግና የበጎ ፈቃድ ሰዓት አያያዝ፦ አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና ትምህርት ቤት ለሚያመለክቱ

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚሞላው ቅጽ ስለ እያንዳንዱ ሥራ፣ ሐኪም ተከትሎ መመልከትም (ሻዶዊንግ) ይሁን በጎ ፈቃድ፣ አራት ነገር ይጠይቃል፦ መቼ ተጀመረ፣ መቼ አበቃ፣ በድምሩ ስንት ሰዓት ሆነ፣ ማን ይመሰክራል። ይህን ሁሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ከጭንቅላት አውጥቶ በትክክል የሚጽፍ የለም። የሚጻፈው ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ያጋድላል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት አራት ሰዓት ሆስፒታል የሠራችን ተማሪ እንውሰድ። «ዓመቱን ሙሉ ሠርቻለሁ» ብላ 52ን በ4 ታባዛና 208 ትጽፋለች። አንድ በአንድ ሲቆጠር ግን የፈተና ሳምንታት አሉ፣ የገና ዕረፍት አለ፣ በጉንፋን የቀረችበት አለ፣ ቅዳም ስዑር ማታ ቤተ ክርስቲያን ለማደር ብላ ያልሄደችበት አለ። በእርግጥ የሠራችው 38 ሳምንት ነው፤ 152 ሰዓት። ልጅቷ ልትዋሽ አላሰበችም፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ሆስፒታሉ ጋ ደውሎ ቢጠይቅ የሚነገረው 152 ነው። 56ቱን ሰዓት ማስረዳት የእሷ ዕዳ ይሆናል።

አገር ቤት ሕክምና የሚገባው በፈተና ውጤት ስለሆነ ይህን ወረቀት ሁሉ እንደ ጊዜ ማባከን የሚያዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። እዚህ ውጤቱም ይጠየቃል፣ ሰዓቱም ይጠየቃል። ስለዚህ መዝገቡ የሚከፈተው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ማመልከቻው ሲደርስ አይደለም።

ሀ. መጀመሪያ ቅጹን እወቁት

መዝገባችሁ ቅጹ የሚጠይቀውን ነገር መያዝ አለበት። የማመልከቻ በሮቹ ሦስት ናቸው።

አብዛኞቹ የኤም ዲ (የተለመደው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አምካስ (AMCAS) 15 ሥራ ብቻ ያስገባል። ለእያንዳንዱ 700 የእንግሊዝኛ ፊደል መግለጫ ይፈቅዳል፤ በቃላት መካከል ያለው ክፍተትም ይቆጠራል። ከ15ቱ እስከ ሦስት ድረስ «በጣም ትርጉም የሰጡኝ» ብላችሁ ትመርጣላችሁ፤ ለእነዚህ ተጨማሪ 1325 ፊደል አለ። የተሠራ ሰዓትና ወደፊት የሚሠራ ሰዓት ለየብቻ ይጻፋል። በየዓመቱ በአሜሪካ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ብቻ እየተቋረጠ የተሠራ ሥራ ከሆነ በዚያው አንድ ሥራ ስር እስከ አራት የተለያየ ጊዜ መመዝገብ ይቻላል።

የዲ ኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባለው ሌላው የሐኪምነት ዲግሪ) ትምህርት ቤቶች አኮማስን (AACOMAS) ይጠቀማሉ። መግለጫው 600 ፊደል ነው፤ ሰዓቱን ደግሞ በሳምንት በአማካይ ስንት፣ ለስንት ሳምንት ብሎ ነው የሚጠይቀው። ድምር ብቻ የያዘ ሰው እዚህ ይቸገራል። ከላይ ያለችው ተማሪ 4 ሰዓት፣ 38 ሳምንት ብላ ትሞላለች፤ ሳምንቶቹን ካልቆጠረች ግን ምን ትጽፋለች?

የቴክሳስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ቲምዲሳስ (TMDSAS) አላቸው። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሳችሁበት ጊዜ ጀምሮ ያለው ዘመን ክፍተት ሳይኖረው ተሞልቶ ይፈለጋል። በጋውን ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ሄዳችሁ ከሆነ እሱም ይጻፋል። ቴክሳስን ያሰበ ሰው የመዝገቡን አንድ ገጽ ለዘመን ቅደም ተከተል ይተው።

ለ. ሠንጠረዡን ክፈቱ

ጉግል ሺት ወይም ኤክሴል ይበቃል። ስልክ ላይ የሚከፈት ቢሆን ይመረጣል፤ መዝገቡ የሚሞላው መኪና ማቆሚያው ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ ነውና። ለዚህ ተብሎ የተሠራ አፕ ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ዘጠኝ አምድ አድርጉ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ዓይነት፣ መግቢያ፣ መውጫ፣ ዕረፍት በደቂቃ፣ የተጣራ ሰዓት፣ የዕለቱ ኃላፊ፣ ምን ሆነ። አንድ ፈረቃ አንድ ረድፍ ነው። የሳምንቱን ሁሉ አንድ ረድፍ ላይ አትጭኑ፤ በኋላ መለየት አይቻልም።

አንድ ረድፍ ይህን ይመስላል፦ ኦክቶበር 12፣ 2024፣ ቅዳሜ፤ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል፤ በጎ ፈቃድ፣ ክሊኒካል፤ መግቢያ 8፡00 ጠዋት፤ መውጫ 12፡30 ቀን፤ ዕረፍት 15፤ የተጣራ 4.25፤ የፈረቃው ነርስ ስም፤ ከዚያ ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ።

ስሌቱ ላይ ሰው የሚሳሳትባቸው አራት ቦታዎች አሉ።

አንደኛው አሥርዮሹ ነው። አራት ሰዓት ከ15 ደቂቃ 4.25 ነው፣ 4.15 አይደለም። ደቂቃው ለ60 ይካፈላል።

ሁለተኛው ፎርሙላው ነው። ሠንጠረዡ ሰዓትን የሚያስበው እንደ ቀን ክፍልፋይ ነው፤ ከመውጫው ላይ መግቢያውን ብቻ ብትቀንሱ 4 ሰዓት 0.1667 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱን በ24 አባዙት፤ ከዚያ ዕረፍቱን ለ60 አካፍላችሁ ቀንሱ። የተጣራ ሰዓት አምዱንም በቁጥር መልክ እንጂ በሰዓት መልክ አታድርጉት። በሰዓት መልክ ከሆነ ድምሩ 24ን ሲያልፍ እንደ ግድግዳ ሰዓት ይዞርና 28 ሰዓታችሁ 4፡00 ብሎ ቁጭ ይላል።

ሦስተኛው የሌሊት ፈረቃ ነው። ከምሽቱ 10 እስከ ንጋቱ 6 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲቀነስ ነጌቲቭ 16 ይመጣል፤ 24 ሲደመርበት ትክክለኛው 8 ይገኛል።

አራተኛው የእኛው ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ «እሑድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት» ብሎ የለጠፈው ከቀኑ 12 እስከ 2 ማለቱ ነው። እንዳለ 6 እና 8 ብላችሁ ብትመዘግቡት ድምሩ ሁለት ሰዓት መሆኑ አይለወጥም፤ ግን በዚያው እሑድ ከጠዋቱ 7 እስከ 11 ሆስፒታል ከነበራችሁ መዝገቡ በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ያሳያችኋል። በመዝገቡ ውስጥ በሙሉ የአሜሪካንን ሰዓት ብቻ ተጠቀሙ። የወሩንም ስም በፊደል ጻፉ። 05/07 እዚህ ሜይ 7 ነው፣ አገር ቤት የለመደ ዓይን ግን ጁላይ 5 ብሎ ያነበዋል።

ሐ. የቱ ሰዓት ከየት ይገባል

«ዓይነት» የሚለው አምድ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ትልቁ ጥፋት ያለው እዚህ ነው።

ሻዶዊንግ ማለት ሐኪም ተከትሎ መመልከት ነው። እጅ አይገባበትም። ከሐኪሙ ጋር ክፍል ለክፍል የዞራችሁበት ሰዓት ይቆጠራል፤ እሱ ስብሰባ ገብቶ ኮሪደር ላይ ስልክ ስትነካኩ የቆያችሁበት አይቆጠርም። ምሳ ተቀንሶ ይጻፋል። የሐኪሙ የሙያ ዘርፍ ሁልጊዜ ይመዝገብ፤ 50 ሰዓት ሁሉ የልብ ቀዶ ሕክምና ከሆነና አንድም የቤተሰብ ሐኪም ከሌለበት ራሳችሁም መዝገቡን ስታዩ ታውቁታላችሁ፣ ጊዜውም ሳያልፍ ታስተካክሉታላችሁ። ለዲ ኦ የምታመለክቱ ከሆነ የዲ ኦ ሐኪም ሰዓት ለብቻው ተለይቶ ይታይ።

ክሊኒካል በጎ ፈቃድ ከሕሙማን ጋር የሚያገናኝ ነው፦ በሽተኛ በዊልቸር ማድረስ፣ ውኃና ብርድ ልብስ ማቅረብ፣ ነፃ ክሊኒክ ውስጥ ሰው መቀበል። የሆስፒታሉ የስጦታ ሱቅ ውስጥ ቸኮሌት መሸጥ ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ብቻ ክሊኒካል አይሆንም። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ የደም ግፊት የሚለካበት ቀን ላይስ? ምእመናኑን ተቀብላችሁ አስቀምጣችሁ፣ ክንዳቸው ላይ መለኪያውን ለምታስር ነርስ ስታግዙ ከዋላችሁ ክሊኒካል ነው፤ ወንበር ደርድራችሁ ሻይ ከቀዳችሁ አይደለም። ሁለቱንም ከሠራችሁ ሁለት ረድፍ አድርጉት።

ክሊኒካል ያልሆነው ዘርፍ ውስጥ ብዙ የእኛ ልጆች ሳያውቁት ሀብት አላቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን ፊደል ማስቆጠር፣ አዲስ ለመጡ ቤተሰቦች የትምህርት ቤት ቅጽ መሙላት፣ በመስጊድ የኢፍጣር ምግብ ማከፋፈል፣ ለዕድርተኞች የመድን ወረቀት ማንበብ። «ይሄ እኮ የቤታችን ነገር ነው» ተብሎ ሳይመዘገብ ይቀራል። ቋሚ ቀን፣ የታወቀ ሥራና ኃላፊ ካለው ይመዝገብ።

እናትን ወይም አያትን ሐኪም ቤት ወስዶ ማስተርጎም ግን በጎ ፈቃድ ተብሎ በሰዓት አይቆጠርም። የቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ ሆስፒታልም ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ታሪኩ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ ቦታው ስለ ሕይወታችሁ የምትጽፉበት ድርሰት ነው።

በክፍያ የሚሠራ ሥራ ለብቻው ነው። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ በሲ ኤን ኤ (በነርስ ረዳትነት) የሚሠራ ልጅ «ደሞዝ ስለተከፈለኝ አይቆጠርልኝም» ብሎ ሲተወው ያሳዝናል፤ ከሕሙማን ጋር ያለፈ ሰዓት እንደዚያ የሚበዛበት ሌላ ቦታ የለም። «ክፍያ ያለው፣ ክሊኒካል» በሚለው ስር ይገባል። በጎ ፈቃድ ብሎ መጻፍ ግን ክልክል ነው፤ የደሞዝ ወረቀቱ ያጋልጣል።

አንድ ሰዓት ሁለት ቦታ አይገባም። ጠዋት በጎ ፈቃድ ሠርታችሁ ከሰዓት እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሐኪም ከተከተላችሁ የተለወጣችሁበት ሰዓት ላይ ረድፉን ቁረጡት። ለሐኪም የምርመራ ማስታወሻ በክፍያ የሚጽፍ ስክራይብም ያንኑ ሰዓት መልሶ ሻዶዊንግ ሊለው አይችልም። የመንገድ ጊዜ የትም አይገባም። የመግቢያ ሥልጠና ድርጅቱ ከቆጠረው ቁጠሩት፣ ካልቆጠረው ተዉት።

መነሻ ቀናችሁም የመጀመሪያው ፈረቃ ቀን ነው፤ የተመዘገባችሁበት ቀን አይደለም። በመካከሉ የክትባት ማስረጃና የቲቢ ምርመራ ሳምንታት ሊበላ ይችላል። አገር ቤት ተወልዳችሁ በሕፃንነት ቢ ሲ ጂ የሚባለውን የቲቢ ክትባት የተከተባችሁ ከሆነ ክንድ ላይ የሚወጋው ምርመራ ቲቢ ሳይኖር ሊያብጥ ይችላል፤ ከዚያ ኤክስሬይ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ ይመጣል። ቢ ሲ ጂ መከተባችሁን ተናግራችሁ በደም የሚደረገውን ምርመራ ጠይቁ። ክንድ ላይ የሚወጋው ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ መነበብ አለበት፣ ካለፈ እንደገና ነው፤ ደሙ ግን አንድ ጊዜ ተቀድቶ ያበቃል። ውጤቱን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር አስቀምጡት፤ ቀጣዩም ክሊኒክ ይጠይቃችኋል።

መ. በዕለቱ አምስት ደቂቃ

ረድፉ በዚያው ቀን ይሞላ። ቁጥሩን ነገም ታስታውሱት ይሆናል፤ «ምን ሆነ» የሚለው አምድ ግን ሌሊቱን አያድርም። ከሁለት ዓመት በኋላ 700 ፊደሉን የሚሞላው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚወራው እሱ ነው። «በሽተኞችን ረዳሁ፣ ብዙ ተማርኩ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም።

ጥሩ ማስታወሻ ይህን ያህል ነው፦ «ሐኪሙ በስልክ አስተርጓሚ ያስረዳል። አዛውንቱ ሦስት ጊዜ እሺ አሉ። መድኃኒቱን መቼ እንደሚወስዱ ሲጠየቁ ዝም። ሐኪሙ ብልቃጡን እጃቸው ላይ አስይዞ፣ ነገ ጠዋት የሚያደርጉትን አሁን ያሳዩኝ አላቸው። ሁለት ፍሬ አወጡ፤ የታዘዘላቸው አንድ ነበር።» አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያ «እሺ» የአክብሮት እንጂ የመረዳት እንዳልሆነ ያውቃል፤ ማስታወሻው ያንን ይዞ ይቆያል።

ማስታወሻው ውስጥ ምን እንደሌለ አስተውሉ። ስም የለም፣ የትውልድ ቀን የለም፣ የካርድ ቁጥር የለም፣ አድራሻ የለም። በ1996 የወጣው ሂፓ የተባለው ሕግ የሕሙማንን መረጃ ይጠብቃል፤ መዝገባችሁ የግል ስልክ ላይ ያለ ፋይል ነው። ስም መተው ብቻ እንደማይበቃም አስቡ። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ «ኢትዮጵያዊት፣ መንታ የወለደች፣ እዚህ ሰፈር ሬስቶራንት ያላት» ካላችሁ ስሟን ከመጻፍ አይተናነስም። ፎቶ ፈጽሞ አታንሱ፣ የስም ዝርዝር ያለበትን ነጭ ሰሌዳም ቢሆን።

ሠ. ምስክር

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሰው ያስፈልጋል፦ ሙሉ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የሥራ ኢሜይል፣ ስልክ። ይህን ለብቻው ሌላ ገጽ ላይ ያዙት፤ መጨረሻ ያረጋገጣችሁበትንም ቀን ጻፉበት። የበጎ ፈቃድ አስተባባሪዎች ሥራ ይቀያይራሉ፣ ሐኪሞችም ሆስፒታል ይለቃሉ። በየሴሚስተሩ አንድ የሰላምታ ኢሜይል ላኩ፤ ተመልሶ ከመጣ ወዲያው አዲሱን ሰው ፈልጉ።

ዘመድ ምስክር አይሆንም። አባት የደብሩ አስተዳዳሪ ከሆኑ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ይሁኑ። በአማርኛ ብቻ የሚግባቡ ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ ስልክ ቢደወልላቸው መመለስ የሚችል እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው አብሮ ይመዝገብ፤ እሳቸውም አስቀድመው ይወቁ። ያልተነገራቸው አባት ከማያውቁት ቁጥር ሲደወልላቸው ስልኩን አያነሡም።

ሥራው ሲያበቃ ደብዳቤ ጠይቁ፦ በድርጅቱ አርማ ወረቀት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ በምን ሥራ፣ ፊርማ። አምካስ ላይ የምታያይዙት አይደለም፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ የሚያድናችሁ እሱ ነው። ለሻዶዊንግ ሐኪሙን ማድከም አያስፈልግም። መጨረሻው ቀን ማታ የምስጋና ኢሜይል ጻፉና «ከሜይ 13 እስከ 24 በድምሩ 24 ሰዓት ስለፈቀዱልኝ» የሚል ሐረግ አስገቡበት። «እንኳን ደስ አለህ፣ በርታ» ብሎ ሲመልስ ቀኑ ያለበት ማስረጃ ተገኘ።

ረ. አገር ቤት የተሠራ ሰዓት

በበጋው ኢትዮጵያ ሄዳችሁ ሆስፒታል ውስጥ ከቆያችሁ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ማህተም ያለበት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ እንዲሆን ከመመለሳችሁ በፊት ጠይቁ። ሐምሌ 1 ቀን 2016 ያለው ጁላይ 8፣ 2024 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ሳይቀየር ቅጹ ላይ ከገባ ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳትገቡ የሠራችሁት ይመስላል። ደብዳቤው በአማርኛ ከወጣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር የያዘ ትርጉም አያይዙለት።

ከሰዓቱ በላይ ግን የሠራችሁት ነገር ይመዘናል። ዘመድ የሆነ ሐኪም «ነይ ሞክሪ» ብሎ መርፌ እንድትወጉ ወይም ቁስል እንድትሰፉ ቢፈቅድ አታድርጉት። አሜሪካ ውስጥ ያለ ሥልጠና የማይፈቀድላችሁን ሥራ ድሀ አገር ሄዳችሁ መሥራታችሁን የመግቢያ ኮሚቴዎች እንደ ጉብዝና ሳይሆን እንደ ጥፋት ነው የሚያዩት። ተመልክታችሁ ከሆነ ሻዶዊንግ ነው፤ እንደዚያው ይጻፍ።

ሰ. በወር አንድ ጊዜ ማመሳከር

ብዙ ሆስፒታሎች ቮልጂስቲክስን በመሰለ ፕሮግራም መግቢያና መውጫ ያስመዘግባሉ። መውጫ መምታት የተረሳበት ቀን ባዶ ወይም የተሳሳተ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። በወሩ መጨረሻ የእነሱን ድምር ከእናንተ ጋር አስተያዩ፤ ልዩነት ካለ ቀኑን ጠቅሳችሁ በዚያው ሳምንት ለቢሮው ጻፉ። ከዓመት በኋላ የሚያስተካክልላችሁ የለም። ካልተስማማ ቅጹ ላይ የእነሱ ቁጥር ይግባ። ፋይሉንም በዚያው ቀን ቅጂ አድርጉ።

መዝገብ ሳይዙ ሁለት ዓመት ላለፋቸው መንገድ አለ፣ አድካሚ ነው እንጂ። በመጀመሪያ ከቢሮው የሰዓት ዝርዝር ይጠየቃል። ከዚያ የስልክ ቀን መቁጠሪያ፣ ለኃላፊው የተላኩ መልእክቶች፣ የመኪና ማቆሚያ ደረሰኝ፣ የስልኩ የጉዞ ታሪክ ይታያል። ማስረጃ የተገኘለት ቀን ብቻ ይቆጠርና «ከማስረጃ የተሰበሰበ» የሚል ምልክት ይደረግበት። ድምሩ 93 ከወጣ 90 ብላችሁ ጻፉ እንጂ 100 አትበሉ።

ሸ. ወደ ቅጹ ሲገለበጥ

የተለያዩ ሐኪሞችን ሻዶዊንግ 15ቱን ቦታ እንዲበላ አትፍቀዱ። በአንድ ቦታ ሰብስቡት፦ የቤተሰብ ሕክምና 24፣ የሕፃናት 16፣ ቀዶ ሕክምና 10፣ ድምር 50። በምስክርነት ብዙ ሰዓት የሰጣችሁን ሐኪም አስገቡ፤ የሌሎቹን ስምና ዘርፍ መግለጫው ውስጥ።

ወደፊት የሚሠራው ሰዓት ላይ ቆጠብ በሉ። ባለፈው ዓመት በሳምንት 4 የሠራ ሰው ለሚቀጥለው በሳምንት 15 ብሎ ቢተነብይ አንባቢው ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ነው የሚያየው። የሁለተኛ ደረጃ ጊዜ ሥራም ኮሌጅ ውስጥ የቀጠለ ካልሆነ ባይገባ ይሻላል።

አምካስ አንዴ ከተላከ በኋላ የሥራ ዝርዝሩ አይነካም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ሌላ ሰው አስቀምጡና ቅጹን ያንብብላችሁ፣ እናንተ ሠንጠረዡን እየተከተላችሁ ቁጥሩን አመሳክሩ። ከተላከም በኋላ ረድፍ መሙላቱን አታቁሙ። ከበጋው ጀምሮ ከየትምህርት ቤቱ የሚመጡት ተጨማሪ ጥያቄዎችም ሆኑ በአሜሪካ ክረምት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) የሚላከው የማሻሻያ ደብዳቤ «ከላካችሁ ወዲህ ምን ሠራችሁ» ነው የሚሉት፤ ያ ሰዓት ደግሞ ቅጹ ላይ የለም፣ ያለው እናንተ ጋ ብቻ ነው።